ስልክ ላይ የሚቆምርና ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆምር፦ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ሐኪሞች የሚገለገሉበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው የበሽታዎች ዝርዝር ነው። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛ እትሙ ለቁማር ሱስ የራሱ መለያ ተሰጥቶታል፤ 6ሲ50 ይባላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ መለያ ሥር ደግሞ ሁለት ቅርንጫፎች አሉ። አንዱ በአብዛኛው ከኢንተርኔት ውጭ ለሚቆምር፣ ሌላው በአብዛኛው በኢንተርኔት ለሚቆምር ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው መመሪያ ግን እንዲህ አይከፍልም። 9 ምልክቶችን ይዘረዝራል። በአንድ ዓመት ውስጥ 4ቱ ከታዩ ሱስ ነው ይላል። ሰውዬው የት ተቀምጦ እንደቆመረ አይጠይቅም።

ሁለቱንም የጻፉት ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ማን ነው ልክ? እኔ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ሰውዬው እምብዛም አይለይም። የሚለየው ዙሪያው ያለው ነገር ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ሰውዬውን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

በብሪታንያና በአውስትራሊያ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ኢንተርኔት ላይ የሚቆምረውን ሰው ተቀራራቢ መልክ ይሰጡታል። ወጣት ነው። ወንድ የመሆኑ ዕድል ይሰፋል። ተምሯል፣ ሥራ አለው፣ ገቢውም ደህና ነው። ይህን አይቶ ኢንተርኔት ወጣት ወንዶችን ወደ ቁማር ይጎትታል ብሎ መፍረድ ይቀላል። ትንሽ ቆም ብለን እናስብ እንጂ። የኦንላይን ካዚኖዎች ብቅ ያሉት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አንቲጓና ባርቡዳ የተባለችው የካሪቢያን አገር በ1994 ባወጣችው ሕግ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፣ ሌሎችም ተከተሉ። ያኔ ቤቱ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የነበረው ማን ነበር? ወጣት፣ የተማረ፣ ገንዘብ ያለው ወንድ። ኢንተርኔት ላይ ጋዜጣ የሚያነበውም ያው ሰው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥናቶች ስለ ቁማር የነገሩንን ያህል ስለ ኢንተርኔትም ነግረውናል። ስልክ በየኪሱ ከገባ በኋላ መልኩ እየተቀየረ መጥቷል። የስፖርት ውርርዱ ዛሬም በአብዛኛው የወጣት ወንዶች ነው። ቢንጎና ስሎት (ሥዕል የሚሽከረከርበት ጨዋታ) ላይ ግን ሴቶችም ብዙ ናቸው።

በአካል የሚቆምረውም አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ሎተሪ የሚቆርጥ አዛውንት አለ። ፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የሚውል አለ። ካርታ የሚጫወት አለ። ስሎት ማሽን ፊት፣ ያ ሥዕል የሚያሽከረክር ሣጥን ፊት፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይነሳ የሚቀመጥም አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትቶ "የአካል ቁማርተኛ" ማለት አሳ አጥማጁንም መርከበኛውንም ውሃ ላይ ስላገኘናቸው ብቻ አንድ ናቸው እንደማለት ነው።

አሁን ወደሚገርመው ነገር እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚቆምር ሰው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ብዙ አይደለም። ስልኩ ላይ የሚያስይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሎተሪም ይቆርጣል፣ ውርርድ ቤትም ጎራ ይላል፣ አጋጣሚው ከተገኘም ካዚኖ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቡድን አለን ማለት ነው፤ በአካል ብቻ፣ በኢንተርኔት ብቻ፣ እና ሁለቱንም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ የሚታየው ሦስተኛው ጋ ነው። ሁለቱንም በሚነካካው። በኢንተርኔት ብቻ የሚቆምሩት በበርካታ ጥናቶች ከእነዚህ ሻል ብለው ተገኝተዋል።

በጥቅሉ ሲለካ ግን በኢንተርኔት ከሚቆምሩት መካከል ችግር ያለበት ሰው ድርሻ በአካል ብቻ ከሚቆምሩት ይበልጣል። ጋዜጦች የሚወዱት ይህን ነው። ኢንተርኔቱ አበላሻቸው ለማለት ያመቻል። ተመራማሪዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሲጠይቁ ግን ነገሩ ይላላል። ይህ ሰው ስንት ዓይነት ቁማር ይጫወታል? ይህ ከተቆጠረ በኋላ የኢንተርኔቱ ድርሻ በጣም ይቀንሳል፣ በአንዳንድ ጥናቶች ጭራሽ ይጠፋል።

ለምን? በመጠጥ እናስበው። መጠጥ የማይለየው ሰው ክፍት በር ካየ ይገባል። አዲስ መጠጥ ቤት ሲከፈት ቀድሞ የሚገኘውም እሱ ነው። በማግስቱ ሄደን አዲሱ ቤት ውስጥ ያሉትን ብንቆጥር ጠጪ በዝቶ እናገኛለን። ግን ጠጪ ያደረጋቸው አዲሱ ቤት ነው ማለት አይቻልም። ሲጠጡ ኖረው ነው የመጡት። የኦንላይን ቁማርም ለብዙዎች እንዲህ ነው። አዲስ በር ነው።

ይህ ማለት ግን በሩ ምንም አያመጣም ማለት አይደለም። ኖርዌይ በዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። በ2006 ስሎት ማሽኖቿ የወረቀት ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከለከለች። በሐምሌ 2007 ደግሞ ማሽኖቹን ከነአካቴው አነሳቻቸው። ስጋቱ ግልጽ ነበር፤ ሰዎቹ ዞር ብለው ኢንተርኔት ላይ ይገባሉ ተባለ። በብዛት አልገቡም። የሚቆምረው ሰው ቀነሰ፣ ለእርዳታ መስመሩ የሚደውለውም ቀነሰ። በ2020 ኮሮና ካዚኖዎችን ሲያዘጋም ተቀራራቢ ነገር ታየ። ብዙው ሰው መቆመሩን ቀነሰ ወይም ተወ። ወደ ስልኩ የዞረው ጥቂት ነበር። ችግሩ ያ ጥቂት አስቀድሞም ብዙ ይቆምር የነበረው መሆኑ ነው። ስለዚህ የበሩ ቅርበት ለአብዛኛው ሰው ብዙ ይወስናል፤ ሥር ለሰደደበት ሰው ግን ሌላ በር ፍለጋ ቀላል ነው።

እስከዚህ ስለ ሰውዬው ነበር። አሁን ስለ ዙሪያው።

በአካል የሚቆመር ቁማር ክፍተት የበዛበት ነው። መንገዱ አለ። ጠረጴዛው ሞልቶ መጠበቅ አለ። ገንዘብ ወደ ጠጠር፣ በገንዘብ ፈንታ ወደሚያዙት ክብ መቆመሪያዎች፣ መለወጥ አለ። ካርታው ይበወዛል። ኳሷ ትሽከረከራለች። ሰው ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ኪሱ ያለው ያልቃል፣ ቤቱ ይዘጋል። እነዚህን ማንም ለጥንቃቄ ብሎ አላስቀመጣቸውም። ነገሩ በተፈጥሮው ያመጣቸው ናቸው። ግን እያንዳንዳቸው ሰውዬው "ይበቃኛል" ሊል የሚችልበት ደቂቃ ናቸው። ስልክ ላይ እነዚህ የሉም።

በቁጥር እናስላው። የአውሮፓው ሩሌት፣ ኳስ ቁጥር ላይ የምታርፍበት ተሽከርካሪ ጎማ፣ 37 ቤቶች አሉት፣ ከ1 እስከ 36 እና አንድ ዜሮ። በዚያች ዜሮ ምክንያት ካዚኖው ከተያዘው ገንዘብ በአማካይ 2.7 በመቶ ይወስዳል። ካዚኖ ውስጥ ሰው በበዛበት ጠረጴዛ ኳሷ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊዜ ያህል ትሽከረከራለች። በእያንዳንዱ ዙር 10 ዩሮ ያስያዘ ሰው በ40 ዙር 400 ዩሮ አስይዟል። በአማካይ 11 ዩሮ ገደማ ይከስራል። ያው ጨዋታ ስልክ ላይ በየ10 ሰከንዱ ቢሽከረከር በሰዓት 360 ዙር ነው። የተያዘው 3,600 ዩሮ ይሆናል፣ የሚከስረው ደግሞ 97 ዩሮ ገደማ። ኳሷ አልተጭበረበረችም። ዜሮዋም አንድ ናት። ደቂቃዋ ብቻ ነች የጠበበችው።

ስሎት ላይ ደግሞ ይብሳል። ብሪታንያ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የኦንላይን ስሎት አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስ ደነገገች። ይህ ፍጥነት መቀነሻ ነው እንግዲህ! እንዲያም ሆኖ ሳያቋርጥ ለሚጫወት ሰው በሰዓት 1,440 ዙር ይደርሳል። ቆይታም በሚያዝያ 2025 በአንድ ዙር የሚያዘው ከ5 ፓውንድ እንዳይበልጥ አደረገች። በግንቦት ደግሞ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት ወደ 2 ፓውንድ ዝቅ አደረገችው።

እዚህ ላይ ግን ለአካል ቁማር ጠበቃ መስዬ እንዳልታይ። ስሎት ማሽን በአካል የሚገኝ ነገር ነው፣ ፍጥነቱ ግን የስልክ ነው። የብሪታንያ ውርርድ ቤቶች ውስጥ ሩሌት የሚያጫውቱ ማሽኖች ነበሩ። እስከ መጋቢት 2019 ድረስ በየ20 ሰከንዱ 100 ፓውንድ ማስያዝ ይቻልባቸው ነበር። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ወደ 2 ፓውንድ ወረደ። ማሽን ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ስልክ ከያዘው ጋር የሚመሳሰለውን ያህል ካርታ ከሚጫወተው ጎረቤቱ ጋር አይመሳሰልም። ኢንተርኔት ካመጣው ይልቅ ያባዛው ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ካዚኖዎች ገንዘብን ወደ ጠጠር መቀየር የጀመሩት ኮምፒውተር ሳይታሰብ ነው። ጠጠር መወርወር ብር ከመወርወር ይቀላል። ኢንተርኔቱ ነገሩን ወደ ቁጥር ወሰደው፣ ቁጥር ደግሞ ክብደት የለውም። በዚያ ላይ ማስገባትና ማውጣት እኩል አይደሉም። ማስገባት በሰከንድ ያልቃል። ማውጣት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። ብዙ ድረ ገጾች በመሃል "ሐሳብዎን ከቀየሩ መልሰው ይጫወቱበት" የሚል ቁልፍ ነበራቸው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ያሸነፈውን ለማውጣት ጠይቆ እንቅልፍ ያልወሰደውን ሰው አስቡት። ብሪታንያ ይህንንም በ2021 ከለከለች። ካዚኖ የሄደው ሰው ግን ጠጠሩን መልሶ፣ ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ከወጣ በኋላ በርና መንገድ ይጋርዱታል። በብድር መቆመርንም በተመለከተ ያችው አገር ክሬዲት ካርድን ለቁማር መጠቀም በሚያዝያ 2020 አግዳለች።

የስፖርት ውርርድም ተለውጧል። ድሮ ማን ያሸንፋል ተብሎ ይያዛል፣ ከዚያ 90 ደቂቃ ይጠበቃል። ዛሬ ጨዋታው እየተካሄደ ቀጣዩን ኮርነር፣ ቀጣዩን ቢጫ ካርድ ማስያዝ ይቻላል። አንድ ጨዋታ መቶ ትንንሽ ቁማር ሆኗል። አውስትራሊያ ለዚህ የሰጠችው መልስ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። በ2001 ሕጓ መሠረት ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ በኢንተርኔት መወራረድ አይቻልም፣ ስልክ ደውሎ ግን ይቻላል። ያው ውርርድ፣ ያው ኦድ (ያሸነፈ የሚከፈለው ብዜት)። ልዩነቱ ሰው ለሰው መነጋገር ማስፈለጉ ነው። ድርጅቶቹ ስልኩን ራሱ የሚደውል ቁልፍ በመሥራት ሊያልፉት ሞከሩ፣ በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ ያም ተዘጋ። ሕግ አውጪዎቹ የጠበቁት ያችን ክፍተት ነው።

ከዚያ የሰው ዓይን ጉዳይ አለ። በአካል የሚቆምር ሰው ይታያል። ያመሻል። የሲጋራ ጠረን ይዞ ይመጣል። ሚስት ወይም እናት የት ዋልክ ትላለች። አቋማሪውም ያየዋል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሰክር፣ ሲያለቅስ። ስልክ ላይ ግን ሰው ቤተሰቡ መሃል፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ የወር ደሞዙን ሊበላ ይችላል። ቁማርተኞች ሲያሸንፉ "በላሁ"፣ ሲሸነፉ "ተበላሁ" ይላሉ። አጠገቡ ያለው ሰው ሲበላ አላየም፣ ሲበላም አላየም። (በጽሑፍ ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነው መቅረታቸው ራሱ ገርሞኛል።) ስለዚህ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚነቃው በዕዳው ነው።

የሰው ዓይን ሁልጊዜ ጠባቂ ነው ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ሰዎች ተሰበሰቡ። አሁንማ ቀይ መምጣቱ አይቀርም እያሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ቀይ ላይ ደራረቡ። ኳሷ የቀድሞውን አታስታውስም፣ እያንዳንዱ ዙር እንደ አዲስ ነው። ብዙ ገንዘብ አለቀ። ብቻቸውን ቢሆኑ ያን ያህል ባልሄዱ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ጠረጴዛ ላይ ሰው ፊት ላለማነስ ሲባል የሚያዝ ገንዘብም አለ። ስልክ ላይ ይህ ይሉኝታ የለም። ያው የይሉኝታ አለመኖር ግን ማቆሚያ የሌለው ሰውንም ይለቀዋል።

ኪሳራ ማሳደድ የሚባለውም ነገር፣ ማለትም የተበላን ለማስመለስ ደጋግሞ ማስያዝ፣ ሁለቱም ጋ አለ። ካዚኖ ውስጥ በአንድ ማምሻ ታጥሮ ይቀራል። ስልክ ላይ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት፣ ከዚያም ሥራ ቦታ ድረስ ይከተላል። ሰውዬው ሊረሳው ቢልም ስልኩ አይረሳም። ነፃ ዕድል ተሰጥቶሃል የሚል መልእክት ሲነጋ ሲመሽ ይመጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን ኢንተርኔቱ ከጠረጴዛው ይሻላል፤ ይመዘግባል። በጥሬ ገንዘብ የተቆመረ ዱካ የለውም። ሰው ደግሞ የበላውን አስታውሶ የተበላውን ይረሳል። ስለዚህ "ብዙም አልተበላሁ" የሚል ሰው ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም፣ አያውቀውም። ስልክ ላይ ግን እያንዳንዷ ንክኪ ተቀምጣለች። ከሃርቫርድ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2005 አንድ የአውሮፓ አወራራጅ ድርጅት ጋ የተመዘገቡ 40,499 ሰዎችን ለ8 ወራት ተከታትለው ነበር። የተጠየቁት አልነበረም፣ የታየው መዝገቡ ነው። መካከለኛው ተወራራጅ በአራት ቀን አንዴ 2 ወይም 3 ውርርድ፣ እያንዳንዱን በ4 ዩሮ ገደማ ያስይዝ ነበር። ማለትም ብዙው ሰው በልኩ ነው። ዳር ላይ ግን ከዚህ እጅግ የራቁ ጥቂት ሰዎች ተገኙ። ከቁማር የሚገኘው ገቢ ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከእንደነዚህ ያሉ ጥቂቶች መሆኑ በየአገሩ ደጋግሞ ታይቷል።

እንግዲህ ድርጅቱ ያውቃል ማለት ነው። ገንዘብ የሚያስገባበት ጊዜ እየቀረበ ሲመጣ፣ ከተበላ በኋላ መያዣው ሲያድግ፣ ሌሊት ሲበዛ፣ ገንዘብ የማውጣት ጥያቄ ሲሰረዝ ሁሉም ይታየዋል። ካዚኖ ውስጥ አንድ ትጉ ሠራተኛ በዓይኑ ሊገምት የሚሞክረውን ኮምፒውተሩ በቁጥር ያየዋል። በዚህ እውቀት ሰውዬውን ማስቆም ይቻላል። ልዩ ደንበኛ ነህ ብሎ ቦነስ መላክም ይቻላል። በብሪታንያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሁለተኛውን ያደረጉ ድርጅቶችን በተደጋጋሚ ቀጥቷል። ለተጫዋቹ ደግሞ መዝገቡ ቀላል ጥቅም አለው። አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ያስገባውን ደምሮ ያወጣውን መቀነስ። ብዙ ሰው ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜም ሠርቶት አያውቅም።

ራስን ማገድም በሁለቱ ይለያያል። ካዚኖ ውስጥ ሰውዬው "አታስገቡኝ" ብሎ ይፈርማል፣ ፎቶው ይያዛል፣ በረኛው እንዲያውቀው ይጠበቃል። በረኛው ደግሞ ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ የጋራ መዝገብ ሁሉንም ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ይዘጋል። ብሪታንያ በ2018፣ አውስትራሊያ በ2023 እንዲህ ያለ መዝገብ ከፍተዋል። ስዊድን በ2019 የጀመረችው ይበልጥ ይማርከኛል፣ ምክንያቱም ሲጀመር ካዚኖውንም ስልኩንም ባንድ ፊርማ የሚዘጋ ነበር። ሁለቱንም የሚነካካው ያ ሦስተኛ ቡድን ትዝ ይበላችሁ። ቀዳዳው ግልጽ ነው። ፈቃድ የሌለው፣ ሌላ አገር የተቀመጠ ድረ ገጽ መዝገቡን አያይም።

ወደ ሐኪሞቹ እንመለስ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጥቅም የሚሰጡት ሕክምናው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በአካል ለሚቆምረው መንገድ መቀየር፣ ኪስ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ ብቻ መያዝ፣ ከቁማር ጓደኞች መራቅ ብዙ ይረዳል። ስልክ ላይ ለሚቆምረው እነዚህ ምንም አይሠሩለትም። ለእሱ የሚሆነው የቁማር ድረ ገጾችን የሚዘጋ ሶፍትዌር፣ የቁማር ክፍያን የሚከለክል የባንክ አገልግሎት፣ ወይም ለጊዜው ገንዘቡን የሚይዝለት የሚያምነው ሰው ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ "መቼ መቼ ነው የሚጫወቱት?" የመጀመሪያው ሰውዬ ቀን ይጠራል፣ ዓርብ ማታ፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት። ሁለተኛው ትንሽ ያስባል። አውቶቡስ ስጠብቅ ይላል። ስብሰባ ሲረዝም። ሽንት ቤት። ከመተኛቴ በፊት፣ ስነቃም። እዚህ እንግዳ ማረፊያው ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ።